ቁጥር፣ ፊት፣ ስም፣ ትምህርት ቤት፦ ወጣቶች ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ራሳቸውን ሳያጋልጡ የሚቆዩበት መንገድ

መታየት መፈለግ ነውር የለበትም። ቪዲዮ መሥራት፣ መወደድ፣ አስተያየት መጠበቅ የወጣትነት አንዱ መልክ ነው፤ «ምንም አትለጥፉ» የሚለው ምክር ደግሞ ሰሚ አላገኘም፣ ሊያገኝም አይገባውም። ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መረጃዎች ሲያያዙ ነው። ቲክቶክ ላይ ፊታችሁ አለ። ቴሌግራም ላይ ቁጥራችሁ አለ። ፌስቡክ ላይ ስማችሁ ከነአባትና ከነአያት አለ። የዩኒፎርማችሁ ቀለም ደግሞ የት እንደምትማሩ ይናገራል። እያንዳንዱ ለብቻው ብዙም አይጎዳም፤ አራቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው ግን ትምህርት ቤት በር ላይ ሊጠብቃችሁ፣ ቤተሰቦቻችሁ ጋ ሊደውል፣ በስማችሁ ገንዘብ ሊለምን ይችላል። ስለዚህ ሥራው እነዚህ ነገሮች አንዱ ወደ ሌላው እንዳይመራ ማድረግ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል። የቁልፎቹን ስም ስልካችሁ ላይ በእንግሊዝኛ እንደሚነበበው በፊደላችን ጽፈነዋል። መተግበሪያ በታደሰ ቁጥር ቦታቸው ትንሽ ሊቀያየር ይችላልና አንዱ ካልታያችሁ በ«ሴቲንግስ» ውስጥ ባለው መፈለጊያ ስሙን አስገቡ።

ቴሌግራም

ከቴሌግራም የምንጀምረው የተመሠረተው በስልክ ቁጥር ላይ ስለሆነ ነው። እኛ አገር ቁጥር ካለ ስም አለ፦ ቁጥራችሁን ያገኘ ሰው ገንዘብ የሚልክ መስሎ ቴሌብር ላይ ቢያስገባው የባለቤቱ ስም ይመጣለታል፤ ከዚያ ሳይልክ ይወጣል።

«ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»፣ ከዚያ «ፎን ነምበር» ግቡ። ቁጥራችሁን ማን ይየው ለሚለው «ኖባዲ»ን ምረጡ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨረስኩ ብሎ ይወጣል፤ ዋናው ግን ገና ነው። «ኖባዲ» ሲመረጥ ከሥሩ ሁለተኛ ጥያቄ ይከፈታል፤ ቁጥራችሁን የያዘ ሰው በቁጥሩ ፈልጎ ያግኛችሁ ወይ የሚል ነው። እሱንም «ማይ ኮንታክትስ» አድርጉት። ይህ ሳይቀየር ከቀረ፣ ቁጥራችሁን ከፎቶ ኮፒ ቤትም ሆነ ከዴሊቨሪ ሠራተኛ ያገኘ ሰው ስልኩ ላይ ሲመዘግበው አካውንታችሁ ከነፎቶው ብቅ ይልለታል።

ቁጥሩ የማይታያችሁን ሰው ወደ ኮንታክት ስታስገቡም ተጠንቀቁ። ከታች የስልክ ቁጥራችሁን ላጋራ ወይ የሚል ትንሽ ሳጥን ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ምልክቱ አስቀድሞ ተደርጎበት ነው። ሳታነሱት ካለፋችሁ የደበቃችሁትን ቁጥር ራሳችሁ ሰጣችሁ ማለት ነው። ቦቶችም እንደዚሁ ናቸው። ሳንቲም እናድላለን፣ ካርድ እንሞላለን፣ ውጤት እናሳያለን የሚል ቦት «ሼር ኮንታክት» የሚል ቁልፍ ሲያመጣ፣ እሱን መጫን ቁጥርን ለቦቱ ባለቤት መስጠት ነው።

ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላው ነገር የድሮ የፕሮፋይል ፎቶ ነው። ቴሌግራም ላይ አዲስ ፎቶ ስታደርጉ የቀድሞው አይጠፋም፤ ከኋላው ይሰለፋል። ፎቶአችሁን የከፈተ ሰው ወደ ጎን እየገፋ ከሦስት ዓመት በፊት የነበረውን፣ ከዩኒፎርም ጋር የተነሣችሁትን፣ ከቤተሰብ ጋር ያለውን ሁሉ ያያል። የራሳችሁን ፕሮፋይል ክፈቱ፣ እስከ መጨረሻው ግፉ፣ መቆየት የሌለበትን አንድ በአንድ አጥፉ። ከዚያ «ፕሮፋይል ፎቶስ» የሚለውን «ማይ ኮንታክትስ» አድርጉት።

በዚያው ገጽ ላይ እያላችሁ ሌሎቹን ጨርሱ። «ፎርዋርድድ ሜሴጅስ» «ኖባዲ» ሲሆን፣ የጻፋችሁት ወደ ሌላ ግሩፕ ቢላክም ስማችሁን የነካው ሰው ወደ አካውንታችሁ አይደርስም። ወደ ግሩፕና ቻናል ማን ያስገባችሁ የሚለው «ማይ ኮንታክትስ» ይሁን፤ የማታውቁት ሰው የማታውቁት ግሩፕ ውስጥ የሚጨምራችሁ ይህ ክፍት ስለሆነ ነው። የልደት ቀንንም እንዲሁ ዝጉ።

ዩዘርኔም ካላችሁ ግን ይህ ሁሉ ቅንብር አይጋርደውም፤ ስሙን የጻፈ ሁሉ ያገኛችኋል። ችግሩ የሚከፋው ያው ዩዘርኔም ቲክቶክም፣ ኢንስታግራምም፣ ቴሌግራምም ላይ ሲሆን ነው። ቲክቶክ ላይ የወደዳችሁ እንግዳ ሰው ያንኑ ስም ቴሌግራም ላይ ጽፎ በቀጥታ ኢንቦክስ ይገባል። ለሁለቱ ሁለት የተለያየ ስም ያዙ፤ የትውልድ ዓመትም አታስገቡበት።

ክፍት ግሩፕ ውስጥ የምትጽፉት ደግሞ ከምታስቡት በላይ ዕድሜ አለው። በግሩፑ መፈለጊያ የአንድን ሰው መልእክቶች ብቻ ለይቶ ማውጣት ይቻላል። የጊቢ ግሩፕ ላይ አንድ ቀን የዶርም ቁጥር፣ ሌላ ቀን የትውልድ ከተማ፣ ሌላ ቀን የቤተሰብ ጉዳይ የጻፈ ተማሪ ሁሉም በአንድ ገጽ ተሰብስቦ ይገኛል። የራሳችሁን ስም በዚህ መንገድ ፈልጋችሁ እዩት፤ ብዙ የሚጠፋ ነገር ታገኛላችሁ።

አካውንት የሚሰረቅበት የተለመደው መንገድ ይህን ይመስላል፦ የምታውቁት ሰው ሊንክ ይልክና «እህቴ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጡልኝ» ይላችኋል። ሊንኩ ቁጥር ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ኮድ ይጠይቃል። ያ ኮድ የቴሌግራም መግቢያ ነው፤ ላኪውም ያው አስቀድሞ አካውንቱ የተሰረቀበት ጓደኛችሁ ነው። መከላከያው «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ነው። የይለፍ ቃል አስገቡ፣ የማስታወሻውን ቦታ ባዶ ተዉት፤ የሚጻፈው ማስታወሻ ሊገባ ለሚሞክረውም ይታየዋልና። የማስመለሻ ኢሜይልም አስገቡ፤ የይለፍ ቃሉን ብትረሱ የሚያድናችሁ እሱ ነው። ይህ የይለፍ ቃል ሌላም ጥቅም አለው፦ ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀማችሁበት ሲም ተዘግቶ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሲሸጥ፣ አዲሱ ባለቤት በኮድ ብቻ አካውንታችሁ ውስጥ እንዳይገባ ያደርጋል።

ኮዱን ከሰጣችሁ በኋላ ነገሩ ከገባችሁ ፍጠኑ። «ሴቲንግስ»፣ «ዲቫይስስ»፣ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ»። አዲስ የገባ መሣሪያ የቆዩትን ወዲያው ማስወጣት አይፈቀድለትም፤ ያቺ ክፍተት የእናንተ ዕድል ናት። እስከ ነገ ካደረ ሌባው እናንተን ሊያስወጣ ይችላል።

ቲክቶክ

እዚህ ትልቁ ስህተት የሚሠራው አካውንቱ በሚከፈትበት ደቂቃ ነው። ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች አይፈቅድም። ከ16 በታች ለሆነ አካውንቱን ከመነሻው የግል ያደርገዋል፣ ኢንቦክስ መልእክት ይዘጋበታል፣ ቪዲዮውንም ሌሎች እንዳያወርዱት ያደርጋል። ላይቭ መግባት የሚቻለው ከ18 ዓመት ጀምሮ ነው። ዕድሜውን ጨምሮ የተመዘገበ ልጅ ይህን ሁሉ ጥበቃ ያጣል። ሳያውቁ የሚያጡትም አሉ፤ የትውልድ ዓመታቸውን በእኛ አቆጣጠር የሚያስገቡ። በ2003 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ 2003 ብሎ ቢሞላ መተግበሪያው 7 ወይም 8 ዓመት ያሳድገዋል፤ ገና ታዳጊውን እንደ ትልቅ ሰው ይቆጥረዋል። የልደት ቀኑን ከገባ በኋላ እንደ ስም በቀላሉ መቀየር አይቻልም፤ «ሪፖርት ኤ ፕሮብለም» በሚለው መንገድ መጠየቅ፣ እስከዚያው ደግሞ የሚከተሉትን በእጅ መዝጋት ያስፈልጋል።

ከፕሮፋይላችሁ ሦስቱን መስመሮች ነክታችሁ «ሴቲንግስ ኤንድ ፕራይቬሲ»፣ ቀጥሎ «ፕራይቬሲ» ግቡ። ለሕዝብ መሥራት የማትፈልጉ ከሆነ «ፕራይቬት አካውንት»ን አብሩ። ይህ ግን ወደፊት የሚመጡትን ነው የሚያጣራው፤ ቀድሞ የተከተላችሁ ሁሉ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ የተከታዮችን ዝርዝር ከፍታችሁ የማታውቁትን አስወጡ። መቶም ይሁን ሺህ፣ ይህ ካልተሠራ የግል ማድረጉ ትርጉም የለውም።

ለሕዝብ የምትሠሩ ከሆናችሁ ደግሞ ሌላውን አጥብቁ። «ሰጀስት ዩር አካውንት ቱ አዘርስ» በሚለው ውስጥ ያሉትን በሙሉ አጥፉ፤ አንዱ የስልክ ቁጥራችሁን መዝግቦ ለያዘ ሰው አካውንታችሁን የሚያሳይ ነው። አጎታችሁ፣ የቀድሞ ጓደኛችሁ፣ የሠፈር ባለሱቅ ሁሉ በዚህ በኩል ያገኟችኋል። የምትከተሏቸውን ዝርዝርና የወደዳችኋቸውን ቪዲዮዎች «ኦንሊ ሚ» አድርጉ። ሌላ ሰው ቪዲዮአችሁን ከራሱ ቪዲዮ ጋር የሚያጣምርባቸው «ዱየት» እና «ስቲች» ለጓደኛ ብቻ ይሁኑ። ማውረድንም ዝጉ፤ ሆኖም ስክሪን የሚቀርጽን ሰው የሚያቆም ቅንብር የለም።

ላይቭ ላይ ያለው አደጋ ከተቀረጸ ቪዲዮ የተለየ ነው፤ ከመለጠፉ በፊት የሚታይበት ጊዜ የለም። ስጦታ እየወረደ፣ ተመልካች እየጨመረ ሲሄድ «ይህን አድርጊ፣ ያንን ተናገር» የሚለው ግፊትም አብሮ ይጨምራል። ሌሊቱን የተነገረች አንዲት ቃል ጧት ተቆርጣ በሌሎች አካውንቶች ትዞራለች፤ ስለ ብሔር፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ሰው ቤተሰብ የተነገረች ከሆነች ደግሞ ከስድብ አልፋ ሥራና ትምህርት ታሳጣለች። ላይቭ ከመክፈታችሁ በፊት የማትመልሱትን ጥያቄና የማታደርጉትን ነገር ወስኑ፤ የምታምኑትን ጓደኛ «ሞደሬተር» አድርጋችሁ ተሳዳቢን እንዲያስወጣ ሥልጣን ስጡት፤ ሲደክማችሁ ዝጉ። አብዛኛው ሰው የሚጸጸተው በመጀመሪያው ሰዓት በተናገረው አይደለም።

ፌስቡክና ኢንስታግራም

ፌስቡክ ላይ ከሁሉ በፊት የጓደኞችን ዝርዝር «ኦንሊ ሚ» አድርጉ። በምስል የሚያስፈራራ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ስክሪንሾት ይኼ ነው፤ «ለአባትሽ፣ ለመምህርሽ እልከዋለሁ» ለማለት የአባትና የመምህር ስም ያስፈልገዋል። ቀጥሎ «ሊሚት ፓስት ፖስትስ» የሚለውን ፈልጋችሁ ተጫኑ፤ ለሕዝብ ክፍት የነበሩ የድሮ ጽሑፎችን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ጓደኛ ብቻ ይመልሳል። በአንድ ጊዜ መልሶ መክፈት እንደማይቻል ግን እወቁ። ታግ ስትደረጉ አስቀድሞ እንድታዩት የሚያደርገውን «ሪቪው» አብሩ፤ የሠርግና የምርቃት ፎቶ ሙሉ ስማችሁን ይዞ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በዘመድ እጅ ነው፣ ክፋት ሳይኖርበት። የአሁኑ የፕሮፋይል ፎቶና የከቨር ፎቶ ለሁሉም እንደሚታዩ አስባችሁ ምረጡ። ኢንስታግራም ላይ የግል አካውንትና የተከታይ ማጣራት ከሞላ ጎደል ይበቃል።

ከመለጠፋችሁ በፊት ፎቶውን ማየት

ፊታችሁን ተዉትና ዙሪያውን እዩ። ዩኒፎርም፣ ባጅ፣ የታርጋ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር፣ የሱቅ ታፔላ፣ በመስኮት የሚታይ ሕንፃ፣ መስታወት ውስጥ ያለ ሌላ ሰው። ዩኒፎርም ያለበትን ከቤት ወይም ከታክሲ ጥበቃ ፎቶ ጋር አታጎዳኙት፤ ሁለቱ ሲገናኙ የምትሄዱበት መንገድና ሰዓት ይታወቃል። ካፌ ውስጥ የተነሣችሁትን ከካፌው ከወጣችሁ በኋላ ለጥፉ።

ስለ ወረቀቶች ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። የ12ኛ ክፍል መፈተኛ ካርድ ከነቁጥሩ መለጠፍ፣ ውጤት የሚታየው በቁጥሩና በስም ስለሆነ፣ ውጤታችሁን ከእናንተ በፊት ሌላ ሰው እንዲያየው መፍቀድ ነው። የፋይዳ መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ የባንክ ደረሰኝም አይለጠፉ። ቁጥር ለመሸፈን በስልክ የማርከር ብሩሽ አትጠቀሙ፤ ብርሃኑ ሲጨመር ከሥር ያለው የሚነበብበት ጊዜ አለ። በቅርጽ መሣሪያው ሙሉ ጥቁር ሳጥን አስቀምጡበት፣ ከዚያ የተሸፈነውን ራሱን ስክሪንሾት አንሥታችሁ እሱን ላኩ። ወደ ዓረብ አገር እንልካለን ወይም ሞዴል እንቀጥራለን ብሎ በቴሌግራም ፓስፖርትና ሙሉ ቁመት ፎቶ የሚጠይቅ ሰው፣ ቢሮው ሄዳችሁ ፈቃዱን እስካላያችሁ ድረስ ምንም አይላክለት።

የካሜራውን የቦታ ምዝገባ አጥፉ። ትልልቆቹ መድረኮች ፎቶ ሲለጠፍ በውስጡ የተጻፈውን ቦታ ያነሡታል፤ ቴሌግራም ላይ ግን ጥራቱ እንዳይቀንስ ብላችሁ እንደ «ፋይል» ከላካችሁት የተነሣበት ቦታ እንዳለ ይሄዳል።

የገመና ምስልና ማስፈራሪያ

«አንድ ጊዜ ብቻ ይታያል» የሚለው አማራጭ፣ የቴሌግራም «ሲክሬት ቻት»፣ ስክሪንሾት የሚከለክል መተግበሪያ ሁሉም አንድ ነገር አይከለክሉም፤ በሌላ ስልክ ከላይ ማንሣትን። ፍቅሩ እውነተኛ ቢሆንም ስልኩ ይሰረቃል፣ ይበላሻል፣ ጥገና ይገባል። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው የእርቃን ምስል ደግሞ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት፣ ማዘጋጀቱም መላኩም ወንጀል ነው። የክፍል ጓደኛችሁን ምስል «እዩ ጉድ» ብሎ ፎርዋርድ ማድረግም እዚህ ውስጥ ይገባል።

የማስፈራራት ድርጊቱ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። የማታውቁት ሰው በቆንጆ ፎቶ ይመጣል፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ቪዲዮ ጥሪ ይጋብዛል፣ ስክሪኑን ይቀርጻል፣ ከዚያ ብር ይጠይቃል። ምንም ሳትልኩም ሊደርስባችሁ ይችላል፤ ዛሬ ልብስ ከለበሰ ፎቶ እርቃን የሚያስመስል ምስል ማቀነባበር ቀላል ነው። ያም ሆነ ይህ የሚደረገው አንድ ነው፣ ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል።

አትክፈሉ። የከፈለ ሰው ገንዘብ እንዳለው አሳይቷል፤ የሚቀጥለው ጥያቄ ይጨምራል። ብሎክ ከማድረጋችሁ በፊት ማስረጃ ያዙ፦ ማስፈራሪያው ከነቀኑ፣ ዩዘርኔሙ፣ የፕሮፋይሉ ሊንክ፣ ብር ግባልኝ ያለበት የቴሌብር ወይም የባንክ ቁጥር። ቴሌግራም ላይ ላኪው መልእክቱን ከሁለታችሁም ስልክ ማጥፋት ይችላልና ይህን በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢቻል በሌላ ስልክ ፎቶ አንሡት። ዩዘርኔም ይቀየራል፤ የገንዘብ መቀበያ ቁጥር ግን ወደ ሰው የሚያደርስ ነው። የልጅ እርቃን ምስሉን ራሱን ግን ለማስረጃ ብላችሁ አታባዙ፤ ጽሑፉና ቁጥሮቹ ይበቃሉ። ከዚያ ሪፖርት አድርጉ፣ ከዚያ ብሎክ። ማስረጃውን ይዛችሁ ከምታምኑት ትልቅ ሰው ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ፤ በኮምፒውተር ሥርዓት ማስፈራራት በዚያው አዋጅ አንቀጽ 13 የሚያስቀጣ ነው።

ምስሉ ስልካችሁ ላይ ካለ አትደምስሱት። ሁለት ነጻ አገልግሎቶች አሉ፦ ለአዋቂዎች «ስቶፕ ኤንሲአይአይ» (StopNCII)፣ ሲነሡ ከ18 ዓመት በታች ለነበሩ ደግሞ «ቴክ ኢት ዳውን» (Take It Down)። ሁለቱም ምስሉን አይቀበሉም፤ ስልካችሁ ላይ እያለ አሻራ መሰል ኮድ ያወጡለትና ኮዱን ብቻ ይወስዳሉ። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ያንን ኮድ ተጠቅመው ምስሉ እንዳይለጠፍ ያግዳሉ። ለተቀነባበረ ምስልም ይሠራል። ምስሉን ቀድሞ የደመሰሰ ሰው ኮድ የሚያወጣበት ነገር አይኖረውም። የተቆረጠ ወይም ቀለሙ የተቀየረ ቅጂ ሌላ ኮድ ስለሚሆን ያገኛችሁትን ቅጂ ሁሉ አስገቡ። ጉግል ፍለጋ ላይ የወጣ ካለ ከፍለጋ ውጤት የሚያስወጡበት የራሱ ቅጽ አለው።

ለወላጅ አንድ ነገር፦ ልጃችሁ ይህን ይዞ ሲመጣ ስልኩን አትንጠቁት። ማስረጃው ያለው እዚያ ውስጥ ነው፣ በሁለተኛው ጊዜም ወደ እናንተ የሚመጣው የመጀመሪያውን እንዴት እንደተቀበላችሁት አይቶ ነው።

ስልክ ለጥገና ወይም ለሽያጭ ሲሰጥ

ጥገና ቤት የሚተው ስልክ ከነይለፍ ቃሉ ከሆነ ጋለሪው ክፍት ነው። ብዙ የሳምሰንግ ስልኮች ከአንድሮይድ 13 ወዲህ «ሜንተናንስ ሞድ» አላቸው፤ ሲበራ ባለሙያው ስልኩን ይፈትሻል እንጂ ፎቶና መልእክት አያይም። የጉግል ፒክስልም ተመሳሳይ አለው። እነዚህ ከሌሉ ሲምና ሚሞሪ ካርድ አውጡ፣ ቴሌግራምን ከሌላ ስልክ ገብታችሁ በ«ዲቫይስስ» በኩል ከዚያ ስልክ አስወጡት፣ ስክሪን ብቻ የሚቀየር ከሆነ እዚያው ቁጭ ብላችሁ አስጨርሱ። የደመሰሳችሁት ፎቶም ወዲያው አይጠፋም፤ አይፎንና ሳምሰንግ ላይ እስከ 30 ቀን፣ ጉግል ፎቶስ ላይ መጠባበቂያ ቅጂ የተያዘለት ከሆነ እስከ 60 ቀን ቅርጫት ውስጥ ይቆያል፤ ቅርጫቱንም ባዶ አድርጉ። ስትሸጡ ደግሞ መጀመሪያ ከጉግል ወይም ከአፕል አካውንት ውጡ፣ ቀጥላችሁ «ፋክተሪ ሪሴት» አድርጉ። ሚሞሪ ካርዱ ከስልኩ ጋር አይሸጥ።